እንግሊዝኛ ብቻ

ልጄ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል የነበሯት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሁሉም አማርኛ ናቸው። «ውሃ» ትላለች፣ «አባ» ትላለች፣ ከሁሉ አብዝታ ግን «እንቢ» ትላለች። ካልሲ ሲያደርጉላት እንቢ፤ ለንደን፣ ሆሎዌይ ላይ አውቶቡሱ በሰው ሲሞላ እንቢ። ከዚያ ጆሮዋን ይዛ ወለሉ ላይ ትዘረጋለች። ጥቁር ሰውዬ የምትጮህ ልጅ ታቅፎ ሲወርድ የሚያየው ሰው ሁሉ ምን እንደሚያስብ ከፊቱ ይነበባል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ተከትላን ወርዳ ልጄን «አባትሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ምን ብላ ትመልስ?

ትምህርት በጀመረች በጥቂት ወሩ አስተማሪዋ እኔንና ባለቤቴን አስጠራችን። ደግ ሴት ነበረች።

«ሁለት ቋንቋ እያምታታት ነው። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሯት» አለችን።

«ሐኪም ቢያያትስ?» አልኩ።

«መጀመሪያ ይሄንን እንሞክረው።»

አስተማሪ ያለው ይደረጋል ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርችዌይ ያለው ፍላታችን ውስጥ አማርኛ ቀረ። የባለቤቴ እንግሊዝኛ ለሱቅ የሚበቃ ነው። የእኔ ደግሞ ሂትሮው አየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ስሠራ የለቀምኩት፤ ጫማ አውልቁ፣ ቀበቶ ፍቱ፣ በዚህ እለፉ። አንድ ጠዋት ሳለብሳት የራሴ ድምፅ ተሰማኝ፤ ልጄን እንደ ተሳፋሪ እያዘዝኳት ነው። ማባበል በእንግሊዝኛ አላውቅበትም። «የኔ እናት» የሚለውን በምን ልተካው? ቤቱ ዝም አለ። እሷም ቀስ በቀስ ዝም አለች። መጨረሻ የጠፋው «እንቢ» ነው። ከዚያ ወዲህ ያልፈለገችው ነገር ሲመጣ የራሷን ክንድ መንከስ ጀመረች።

ትመርመርልኝ ብዬ ደጋግሜ ለመንኩ። በስተመጨረሻ ርዕሰ መምህሯ ቀጠሮ ሰጥታን ስንቀርብ የጠየቀችን ስለ ቤታችን ነበር፤ እንመታት እንደሆነ፣ ክንዷ ላይ ያለው ቁስል ከየት እንደመጣ።

«ራሷ ናት የምትነክሰው! እዚሁ፣ እያያችኋት!» አልኩ። ሳላስበው ተነስቻለሁ። እኛ ዘንድ ጭንቅ በለሆሳስ አይነገርም።

ርዕሰ መምህሯ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። «እያስፈራሩን ነው» አለችኝ። ባለቤቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ከዚያ በኋላ ያለ ቀጠሮ ግቢው ውስጥ እንዳልገባ ተነገረኝ፤ ልጄንም ከበሩ ውጭ፣ ዝናብ ላይ ቆሜ እረከባት ጀመር።

ሥራ ቦታ አንድ ጃማይካዊ ባልደረባ ነበረኝ፤ የእሱም ልጅ እንደ ልጄ ነው። «ለቀጠሮ ስትገባ እጅህን ጠረጴዛ ላይ አድርግ፤ ምንም ቢሉህ እንዳትነሳ» አለኝ። «አንተ ከተቆጣህ የሚወራው ስለ አንተ ይሆናል፤ ልጅቷን ይረሷታል።» እሱ ይህን የተማረው ልጁን ከትምህርት ቤት ካባረሩበት በኋላ ነው።

እንዳለኝ አደረግሁ። በየቀጠሮው ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ ያንኑ ልመና ደጋገምኩ። ሁለት ክፍል ካለፈች በኋላ አንዲት የንግግር ባለሙያ መጣች። ልጄን ቁጭ ብላ ስታያት ዋለች። ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ተመካክራም ኦቲዝም መሆኑን ነገረችን።

«ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ነው የምታናግሯት?» አለች።

«በእንግሊዝኛ ብቻ።»

«እርስ በርሳችሁስ?»

«እሷ ካለች በእንግሊዝኛ።»

«ማነው እንዲህ አድርጉ ያላችሁ?»

ርዕሰ መምህሯ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር፤ ወረቀቷን ታያለች። ባለሙያዋ አማርኛው ምንም እንዳልጎዳት፣ መተውም እንዳልነበረብን ነገረችን። ይቅርታ ያለን ሰው የለም። እኔም እጄን ከጠረጴዛው አላነሳሁም።

የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ውስጥ ቦታ ተገኘላት። ባለቤቴ ያን ዕለት ልጄን አቅፋ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በአማርኛ፣ «የኔ ቆንጆ፣ የኔ ዓለም» አለቻት። ልጄ መዳፏን አንስታ የእናቷን አፍ ከደነች።

አሁን ቁመቷ እናቷን ደርሷል። አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ትናገራለች። እናቴ ከደሴ ስትደውል ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርግላታለሁ።

«ስሚኝማ ልጄ፣ አያትሽ ነኝ» ትላታለች እናቴ።

ልጄ ትንሽ አዳምጣ ስልኩን ትመልስልኛለች።

«ምን አለችኝ?»

«ሰላም ትልሻለች፣ እማ» እላታለሁ።