የሮጡትና የቆምኩት

ከእኔ ጋር ዱባይ እናቷ ዘንድ ለምትጓዘው ለልጅ ልጄ ለሜሮን ከወንጀል ነጻ መሆኗን የሚያሳይ የፖሊስ ወረቀት ልናወጣ ዛሬ ፖሊስ ቢሮ ሄድን። የአሻራው ቀለም ሲሸተኝ ልጅነቴ መጣብኝ።

ካዛንቺስ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስንጫወት የጎረቤት መስኮት ተሰበረ። ሌሎቹ ሲሮጡ እኔ ስላልሰበርኩ ቆምኩ፤ ተያዝኩም። አባቴ ዋስ ሊሆነኝ ጣቢያ መጥቶ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ፈረመ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ "አባባ፣ የሰበሩት እኮ አመለጡ!" ብዬ አለቀስኩ።

"የሮጠ ገና ይሮጣል፤ አንቺ ግን ይኸው ቤትሽ እየገባሽ ነው" አለኝ። ያኔ አልገባኝም፤ ይልቅ ተናደድኩ።

ወረፋው ላይ ሜሮን ክንዴን ጎተተች። አምና ታናሽ ወንድሟን የደበደበውን ልጅ በጥፊ መትታ ፖሊስ አስጠንቅቋታል።

"እማማ፣ ከጠየቁኝ ማስጠንቀቂያ የለብኝም ልበል? ቪዛው ከቀረ እናቴን አላያትም፣ በቃ!"

እናቷን ለዓመታት ያገኘቻት በስልክ ብቻ ነው። ቢሆንም፣ "የመታሽበትን ምክንያት ጨምረሽ ንገሪያቸው። ፍርድ ካጣመሙ እኔን ያገኙኛል!" አልኳት።

ተራችን ደረሰ። ፖሊሷ ክስ ወይም ማስጠንቀቂያ እንዳለባት ስትጠይቃት ሜሮን ወደ እኔ አልዞረችም።

"አዎ፣ ማስጠንቀቂያ አለብኝ" አለች ቀና ብላ። "ለምን እንደሆነም ልንገርዎት?"