አንድ ሰው ብቻ የሚጠራበት ስም

ስማችሁ ሲጠራ ሰምታችሁ፣ የተጠራው ሌላ ሰው ስለመሰላችሁ ዝም ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልጅነቴን እንዲያ ነው ያሳለፍኩት። ወላጆቼ በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት ከወሎ ወደ አሶሳ በሰፈራ የመጡ ናቸው። መንደራችን እንኳ ስም አልነበረውም፤ በቁጥር ነበር የሚጠራው። እዚያ በአንድ ክረምት ለተወለድን አምስት ሴቶች አንድ ዓይነት ስም ወጣልን። ትርጉሙ ከረጅም መንገድ በኋላ ማረፍ ማለት ነው። ሁሉም ወላጅ የተመኘው ያንኑ ስለነበር ማንንም አልወቅስም። ብቻ አንዲት እናት ከደጇ ላይ ስትጣራ አምስታችንም ቀና እንላለን፤ ከዚያ አምስታችንም «ሌላዋን ነው» ብለን ወደ ጨዋታችን እንመለሳለን።

ላስረዳችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ሌላ ስም ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የምትጠራበት አንዲት ሴት ብቻ ስለሆነች፣ ስሙን መጻፍ እሷን በጣት እንደ ማሳየት ይሆንብኛል። ትርጉሙን፣ ከየት እንደመጣና ለምን ብርቅ እንደሆነ ግን እነግራችኋለሁ።

ማስተማር የጀመርኩት ክልሉ ከተቋቋመ ጥቂት ዓመት እንዳለፈው ነው። በአሶሳ አንዳንዱ ቢሮ ትናንት የሰው መኖሪያ ነበር፤ በረንዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሎበት ዛሬ ቢሮ ሆኗል። እኔ ከከተማው ትንሽ ወጣ ባለ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ጉም ከግቢው ማንጎዎች ሥር ሳይነሳ እደርስና፣ ስም መጥሪያዬን በማስመሪያ አሰምራለሁ፤ የመጣ በሰማያዊ፣ የቀረ በቀይ። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የልጆቹ ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ እግራቸው፣ ፊታቸው ከሁሉም በኋላ።

ያኔ አንድ ልማድ ነበር። ከአገሬው ሰዎች፣ ከበርታ ቤት የመጣ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ፣ መዝጋቢው መምህር የቤት ስሙን ለመያዝ ከከበደው ሌላ ስም ይሰጠዋል። «የትምህርት ቤት ስም» ይባላል። በክፍሌ ውስጥ በአንድ የታወቀ የትምህርት ቤት ስም የሚጠሩ ሦስት ሴቶች ነበሩ። እኔም እንዳይምታቱብኝ አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ ብዬ ቁጥር ሰጠኋቸው። ከአምስት አንዷ ሆኜ ያደግኩት እኔ ነኝ ይህን ያደረግኩት። በጊዜው ሥርዓት ማስያዝ ነበር የመሰለኝ።

ሦስተኛዋ ዝምተኛ ልጅ ናት። ስሟ ሲጠራ «አለሁ» የምትለው ሁልጊዜ ዘግይታ ነው፤ አንዳንዴ ከጎኗ ያለችው ልጅ በክርኗ ትነካታለች። ልጆቹ «ሁለተኛዋ ስትቀር ደረጃ ታድጊያለሽ» እያሉ ያሾፉባታል። እሷ ፈገግ ብላ በመስኮት ከግቢው ማዶ ወዳለው የቀርከሃ ደን ታያለች።

በሚያዝያ መጨረሻ የፈተና ፎርም መጣ። ፎርሙ ላይ የተጻፈው ስም ሰርተፊኬቱ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ እሱው ነው። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም። እኔ ማስረዳት ስለምወድ አጋጣሚውን ትምህርት አደረግኩትና ሁሉም ስለ ስሙ ሦስት ነገር ጠይቆ እንዲመጣ አዘዝኩ፦ ትርጉሙ ምንድን ነው፣ ማን አወጣው፣ ስንት ሰው ይጠራበታል።

ሦስተኛዋ ባመጣችው ወረቀት ላይ ስለ ትምህርት ቤት ስሟ እንዲህ ይላል። «ትርጉሙን አላውቅም። ያወጣው የአንደኛ ክፍል ቲቸር። ብዙ ሰው።» ከሥሩ በእርሳስ፣ ፈዘዝ ብሎ፣ አንድም ቀን ሰምቼው የማላውቅ ስም ተጽፏል። «ትርጉሙን አክስቴ ታውቃለች። ያወጣችው አክስቴ። እኔ ብቻ።»

ደወል ከተደወለ በኋላ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«ቲቸር፣ ፎርሙ ላይ ይኼኛው ይጻፍልኝ።»

«ለምን እስካሁን አልተናገርሽም?»

«የጠየቀኝ የለም።»

ወረቀቱን ይዤ ወደ ርእሰ መምህሩ ሄድኩ። ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«መምህርት፣ እኔ ይህን ስም ሰምቼ አላውቅም። ፎርሙን የሚቀበለው ሰውም አልሰማም። ስህተት ነው ብሎ ቢመልሰው ልጅቷ ፈተናው ያመልጣታል። ለመሆኑ ትርጉሙ ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

«አየሽ? ስሙን ያወጣላት ሰው ትርጉሙን ተናግሮ ይፈርም። ካልሆነ በመዝገቡ ስም ይሄዳል። ነገ ጠዋት እንልካለን።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። የልጅቷ ወላጆች ወርቅ ለማጠብ ወደ ወንዝ ወርደዋል፤ የምታሳድጋት አክስቷ ናት። ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ወደ አክስቷ ቤት በእግር ሄድን። መንገዱ በቀርከሃው መካከል ያልፋል። እዚያ ውስጥ ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፤ ውኃ ሥር የሚራመዱ ያህል ይሰማል፣ የራስ እርምጃም የሌላ ሰው ይመስላል። ልጅቷ ከፊቴ እየሄደች፣ ክፍል ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ታንጎራጉር ነበር።

አክስቷ ደጃፏ ላይ ለማድረቅ ባሚያ እየከተፈች በቀርከሃ ምንጣፍ ላይ ታሰጣለች። አፏን የፈታችው በበርታ ነው፤ በአማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«ግባ፣ ቲቸር። ተቀመጥ። ይኼ ልጅ አስቸገረህ?»

«ቲቸር ወንድ ሆኑ» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

«የለም እናቴ፣ ጎበዝ ናት። የመጣሁት ስለ ስሟ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ነግረውኝ ልጻፈው።»

አክስትየዋ ከርከዴ፣ ቀዩን የአበባ መጠጥ፣ በኩባያ ቀዳችልኝ። ደብተሬን ስታይ ራሷን ነቀነቀች።

«አሁን አይጻፍም። ይሰማል። ንፋሱ ዞሯል፤ ቁጭ በል።»

ሰዓቴን አየሁ። ሳይመሽ መመለስ፣ ጠዋት ፎርሙን ማድረስ አለብኝ። በልቤ ቀሪውን ሥራ በተራ ስደረድር ቆየሁ። ከርከዴው ቀዝቃዛና ጎምዛዛ ነው። ዶሮዎቹ ጎተራው ሥር ገቡ፤ ልጅቷም ባሚያውን ሳትታዘዝ መሰብሰብ ጀመረች። ቀስ በቀስ የምደረድረው ነገር ጠፋኝ።

ከዚያ መጣ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ብዙ ሰው በባዶ እግሩ ደረቅ ቅጠል ላይ የሚሄድ ያህል። ዝናቡ ገና ነው፤ ፀሐዩም አልጠፋም። ግን ቀርከሃው ከዳር እስከ ዳር ተራ በተራ እየሰማ ወደኛ ያቀብለው ነበር። አክስትየዋ እጇን አነሳች።

«ይኸው። ስሙ ይኼ ነው።»

ዝናብ ሳይደርስ ቀድሞ ከቀርከሃው የሚመጣው ድምፅ ማለት ነው። ድምፁ ቤቱ ላይ ደርሶ ጣራው በውኃ እስኪመታ ድረስ ሦስታችንም አዳመጥን።

ከዚያ አክስትየዋ ወደ በርታ ተመለሰች፤ ልጅቷ ተረጎመችልኝ። ልጅቷ የምትተረጉመው ስለ ራሷ ሆኖ ሳለ «ሕፃኗ» ነበር የምትለው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ፣ እናቷ ከንጋት ጀምራ ምጥ ላይ ነበረች። ቤት የነበሩት ሴቶች ማውራት ሁሉ ታክቷቸው ዝም እንዳሉ ይህ ድምፅ መጣ። ዝናቡ ሳይደርስ ሕፃኗ ደረሰች።

«ታዲያ ለምን ሌላ ሰው አይጠራበትም?» አልኩ።

አክስትየዋ ራሷ በአማርኛ መለሰች። «የእናቴ አክስት ስሙ ይኼ ነበር። እሱ ሲሞት ስሙ ቆመ፣ ጠበቀ። ለዚህ ልጅ ሰጠሁ። ሰው ይዞት እያለ ለሌላ አንሰጥም። አንድ ስም፣ አንድ ሰው።» ይህ የዚያ ቤት ልማድ ነው፤ ለሌላው ቤት አልናገርም። ቀጥላ ባሚያ በነካው ጣቷ ወደ ደብተሬ አመለከተች። «በወረቀት ሌላ ሰው ከሆነ ይኼ ስም የት ይገባል? እሱም አልያዘው፣ ሌላም አይወስደው።»

ይህ አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ልጅቷ ዓይኔን ታይ ነበር።

አክስትየዋ የምትፈርምበትን ወረቀት አውጥቼ ትርጉሙን ጻፍኩበት። ሁሉን በቦርሳዬ አስተካክዬ መጥቼ፣ የጣት አሻራ ቀለሙን ጠረጴዛዬ ላይ ረስቼዋለሁ። አክስትየዋ ሳቀች። አውራ ጣቷን ኩባያዬ ውስጥ፣ የከርከዴው አተላ ላይ ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነችው።

«ይጠፋል?» አለች ልጅቷ። አሻራውን ማለቷ ነው፤ ለካ ፈርታ ኖሯል።

ዝናቡ እስኪያባራ ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዤ ቆየሁ። ቀዩ አሻራ ሲደርቅ ወደ ወይን ጠጅነት ሄደ፤ ልክ እንደ ትምህርት ቤቱ ማኅተም። ጠዋት ርእሰ መምህሩ ትርጉሙን አንብቦ፣ አሻራውን አገላብጦ አየና «ቀለሙ ከየት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ማኅተሙን ከአሻራው አጠገብ መታ። ፎርሙ በእሷ ስም ሄደ።

ሰኞ ስም መጥሪያውን እንደገና አሰመርኩ። ቁጥሮቹን ለሦስቱም ሰረዝኩ፤ የቀሩትን ሁለቱን ከነአባታቸው ስም ጻፍኩ። የእሷን ስም ስጠራ አንዱ እንኳ አላሾፈም።

«አለሁ» አለች፣ ማንም በክርኑ ሳይነካት። ከዚያ ዝቅ ብላ «ቲቸር፣ አንዴ ይድገሙት» አለችኝ። ደገምኩት።

ሰርተፊኬቱ ሲመጣ ጣቷን ያሳረፈችው ውጤቱ ላይ አልነበረም። ስሟ ላይ አሳርፋ ቆየች፣ ወደ መስኮቱም አላየችም።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ስማችሁን ያወጣላችሁ ሰው በሕይወት ካለ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ሦስቱን ጥያቄ ጠይቁ። ደብተሩን ግን ወዲያው አታውጡ፤ ድምፁ እስኪመጣ ጠብቁ።