ጸበል የነካው ቤዝመንት

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ወንድሜ እሸቴ ስለ ግድግዳ ምንም አያውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ለቅሶው ላይ የተነገረው ተረት ሥር ሳይሰድ ለማረም ነው። አንዷ ለቀስተኛ፣ እሸቴ እዚህ በስደት አገር ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በሚባል ከተማ ያለውን ቤት ግድግዳ በመዳፉ ዳስሶ «ይሄ ውሃ አለበት» አለ ብላ ተናገረች። ሌላው ደግሞ አሽትቶ ነው ያወቀው አለ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አልዳሰሰም፤ አላሸተተም።

እሸቴ ብዙ ዘመን የኤርፖርት ታክሲ ነድቶ ነው የሪልተር ፈቃድ ያወጣው። ፈቃዱ ቤት ለማገበያየት እንጂ ለሌላ ለምንም እንዳልሆነ ደግሞ ከልቡ ያምን ነበር። ችግሩ የእኛ ሰው የሚያውቀው የአገር ቤቱን ደላላ ነው። ደላላ የማያውቀው ነገር የለም፤ የቤቱን መሠረት፣ የአከራዩን ጠባይ፣ መንገዱ መቼ እንደሚሰፋ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በምን እንደተጣላ ሁሉ ይነግርሃል። እሸቴን ግን ጣሪያው ስንት ዓመት ይቆያል ቢሉት «አላውቅም፤ ጣሪያ የሚያይ ሰው አለ» ይላል። ታክሱ ይጨምራል ወይ ቢሉት «አላውቅም፤ የካውንቲው ግብር ቢሮ ጋ እንደውል» ይላል። ጎረቤቶቹ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብላ የጠየቀችውን አንዲት ሴት «እሱን ብነግርሽ ፈቃዴን ይቀሙኛል» አላት። ሕጉ ሪልተር ስለ ጎረቤት እንዳያወራ ይከለክላል፤ ሴትዮዋ ግን ጎረቤቱ ነፍሰ ገዳይ ነው ማለት ነው ብላ ቤቱን ጥላ ሄደች።

እናታችን በስልክ ስለ ሥራው ስትጠይቀኝ ኖራ በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «አላውቅም እያለ የሚበላበት ሥራ ካገኘ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እህተማርያም ጓደኛዬ ናት። ሆስፒታል ትሠራለች፤ ከልጇ ከሊና ጋር ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጠባብ አፓርታማ ተከራይታ ትኖር ነበር። ቤት ለመግዛት በእሸቴ በኩል ደጋግማ የዋጋ ኦፈር ብታቀርብም፣ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይቀድማታል። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ኮረብታ ሥር ያለውን ቤት ሻጩ ሲፈቅድላት አለቀሰች። የቀረው ኢንስፔክሽኑ፣ የቤቱ ፍተሻ፣ ብቻ ነበር፤ ከኋላዋ ደግሞ ሌላ ገዢ ተሰልፏል።

በረዶው የሚቀልጥበት ሰሞን ነው። በኢንስፔክሽኑ ቀን ከእህተማርያምና ከሊና ጋር ቀደም ብለን ደረስን። እሸቴ በሩን ከፍቶልን ፎቅ ሲወጣ፣ እህተማርያም ከመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ የወተት ጋሎን አውጥታ ወደ ቤዝመንቱ፣ ከመሬት በታች ወዳለው ክፍል፣ ወረደች። እኔ ወተት መሰለኝ።

ጥቂት ቆይቶ ኢንስፔክተሩ ናፍያድ መጣ። ቁጥብ፣ ትሁት ልጅ ነው፤ አማርኛውን በኦሮምኛ ቅላጼ ነው የሚናገረው። የእርጥበት መለኪያውን አንዱ ግድግዳ ላይ ሲያስጠጋው መሣሪያው ጮኸ። ሁለተኛው ላይም ጮኸ።

«ጋሽ እሸቴ፣ ይሄ ግድግዳ ውሃ ጠጥቷል» አለ። «ያኛውም ጠጥቷል። ሁሉም ጠጥተዋል። እንዲህ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም።»

እህተማርያም ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጸበል ነው።»

«ምን?»

«ጸበል። ረጭቼበት ነው።»

ናፍያድ ፕሮቴስታንት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ልምድ የለውም። «ምን ያህል?» ብሎ ጠየቀ።

«ትንሽ።»

ሊና ባዶውን ጋሎን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «ማም፣ ዘ ሆል ጋሎን። ሙሉውን።»

የእህተማርያም የአክስት ልጅ ይልማ አማካሪ ሆኖ መጥቶ ነበር። ይልማ በሕይወቱ ሁለት ቤት ገዝቷል፤ ስለዚህ ስለ ቤት የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። «አለቀ» አለ። «ጸበል ነው። እሸቴ፣ ጸበል ነው በልና ይፈረም።»

«ጸበል ብቻ መሆኑን አላውቅም» አለ እሸቴ።

«የረጨችው እሷ ቆማ እየነገረችህ?»

«የረጨችውን ታውቃለች። ከመርጨቷ በፊት የነበረውን አታውቅም።»

ናፍያድ መላ አገኘ። «ያልነካሽው ግድግዳ ካለ እሱን ልለካ።»

«በአራቱም ማዕዘን ነው የሚረጨው» አለች እህተማርያም ተቆጥታ። «አንዱን ትቼ ሰይጣን በየት እንዲገባ ነው?» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። «አንተ፣ ጸበሉን ጠረጠርከው?»

«ጸበሉን አልጠረጠርኩም። ግድግዳውን ነው።»

ለሻጩ እስከ ማታ መልስ መስጠት ነበረባት። እሸቴ ግን የሻጩ ሪልተር ጋ ደውሎ፣ ደንበኛዬ በሃይማኖት ሥርዓት ምክንያት ግድግዳውን ስላረጠበችው እስኪደርቅ ጊዜ ይሰጠን አለ። ሰውየው በኋላ ደውሎ እስከ ሰኞ ፈቀደ፤ ሌላኛው ገዢ ግን አልሄደም ብሎ አስጠነቀቀ።

«ይሄም ቤት ካመለጠኝ ያንተ እጅ አለበት» አለችው እህተማርያም።

«እሺ።»

«እሺ ነው የምትለኝ?»

«ሌላ መልስ የለኝማ።»

እስከ እሑድ ድረስ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ይልማ መኪና ማቆሚያው ላይ «እሸቴ ጸበል ያስመረምራል» ብሎ ጀመረው፤ ቅዳሴው ሲያልቅ «ጸበል ላብራቶሪ ላከ» ተብሎ ነበር። አንድ ዲያቆን ሰላምታ ነፈገው። ወንድሜ ማስተባበል ቢችልም ስለ ደንበኛው ቤት ለማንም መናገር አይገባኝም ብሎ ዝም አለ። እህተማርያምም ስልኩን አላነሳችለትም።

ሰኞ እንደገና ወረድን። ሦስቱ ግድግዳዎች ደርቀዋል። ናፍያድ መለኪያውን ሲያስጠጋባቸው ድምፅ አልነበረም። በኮረብታው በኩል ያለው አራተኛው ግን ከፊተኛው ቀን ይልቅ ረጥቧል።

«ይሄኛው የሚጠጣው ከኮረብታው ነው» አለ ናፍያድ።

«እኔ መጀመሪያውኑ ሽታው አላማረኝም ነበር» አለ ይልማ።

እህተማርያም ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ጸበሉ ነው ያጋለጠው» አለች ቀስ ብላ። ይህን የተቃወመ የለም።

ከዚያ ቀና ብላ እሸቴን አየችው። «ልግዛው?»

«ውሃ የሚያስወግድ ባለሙያ አመጣልሻለሁ። ሻጩንም አስጠግን እለዋለሁ። መግዛቱን ግን አንቺ ነሽ የምትወስኚው።»

«ወንድሜ ብትሆን ኖሮስ ምን ትለኝ ነበር?»

«ወንድምሽ ብሆንም ውሃ አላውቅም» አለና ወደ እኔ ጠቆመ። «ጠይቂያት። የሷን ቧንቧም ሠርቼ አላውቅም።»

በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቁ ግን አልቆየም፤ ባዶዎቹን ክፍሎች እየዞረች ስትሰናበታቸው አይቻለሁ። ባለሙያው በዚያው ቀን መጥቶ አየ፤ ከውጭ በኩል ተቆፍሮ ካልሆነ አይሆንም አለ። ሻጩ አላስቆፍርም አለ። እሷም ውሉን ለማፍረስ ፈረመች።

ስንመለስ በእሸቴ መኪና ነበርን። ሊና ከኋላ ወንበር ስልኳን ታያለች። እህተማርያም ቀበቶዋን አስራ ኮረብታው እስኪሰወር ድረስ በመስኮቱ አየች።

«ሆፕኪንስ ያለው ቤት» አለች። «ባለፈው ፎቶውን የላክልኝ። ቤዝመንት አለው?»

«የለውም።»

«ታውቃለህ?»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው በዚያው እንለፍ» አለችው።