የይለፍ ቃሉ ግማሽ

ዛሬ ጠዋት የልጄ ስልክ ሞልቶ ፎቶ ታጠፋ ነበር። «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ሳታነበው ነካችው። «ኧረ ቀስ በይ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሳቀችብኝ። ምን ታድርግ፣ እኔም በእሷ ዕድሜ ለዚህ ጥያቄ ትዕግሥት አልነበረኝም።

ያኔ ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ ከተማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ሱቅ ተቀጥሬ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ አህመድ ድሬዳዋ ያደጉ ሶማሌ ናቸው፤ ሲቆጡ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል። ጠዋት ጠዋት እንጀራ የሚመስለውን ላሆህ በሰሊጥ ዘይት እያጠቀስን ከወተት ሻይ ጋር አብረን እንበላለን። በገባሁ በሳምንቴ የኮምፒውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሰጡኝ። በዚያ ቃል ለገባ ሰው ማሽኑ እምቢ አያውቅም፤ ፎልደር ሲጠፋ ብቻ ስለ እያንዳንዱ ፋይል «ይጥፋ?» ይላል። ስንት መቶ ጊዜ «አዎ» ይባላል? በጽሑፍ በሚሰጠው የማጥፊያ ትእዛዝ ላይ አንዲት ፊደል ከተጨመረች ሳይጠይቅ እንደሚያጠፋ ደረስኩበትና ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

አንድ የበጋ ከሰዓት፣ ነፋሱ አቧራውን በበሩ ሥር እያስገባ፣ አሮጌ ሥራ የማጠፋ መስሎኝ ሆዳን የምትባለውን የዳሚ ሰፈር ልጅ ሠርግ አጠፋሁት። የካሜራው ካርድ ላይ ደግሞ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል። የሆዳን አባት ለሥራ ባሕር ማዶ ስለነበሩ የልጃቸውን ሠርግ አላዩም፤ ዲስኩን እየጠበቁ ነው። ወደ ባለቤቱ ሮጥኩ።

«ጋሽ አህመድ፣ የሆዳንን ሠርግ አጠፋሁት።»

«ኢና ሊላሂ!» ብለው ተነሡና ሶኬቱን ነቀሉት። «እንዳትነኪው። ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ይገኝ ይሆናል።»

ሦስት ቀን ፈለጉ። ጭፈራው ተገኘ፤ ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የተቀረጸው ግን እንደወጣ ቀረ። ይዘውኝ ዳሚ ሄዱ። የሆዳን እናት አለቀሱ፤ ከዚያ «ማን ነው ያጠፋው?» ብለው ጠየቁ። አፌን ሳልከፍት ጋሽ አህመድ «እኛ» አሉ። ለዚያች ቃል እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ።

ስንመለስ ያባርሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አዲስ የይለፍ ቃል አወጡ፤ የፊተኛውን ግማሽ እኔ፣ የኋለኛውን እሳቸው። አንዳችን ስንጽፍ ሌላችን ፊታችንን እናዞራለን።

«ቁልፉን ሰጠሁሽ እንጂ አላስጠነቀቅሁሽም» አሉኝ። «ኒካህ እንኳ ያለ ምስክር አይሆንም፤ ማጥፋትም ከእንግዲህ ያለ ምስክር የለም።»

ኮምፒውተሩ ስንቴ ተቀየረ፤ ሱቁንም አሁን የምመራው እኔ ነኝ። ደንቡ ግን እንዳለ ነው። ባለፈው ወር ጋሽ አህመድ ታመው ደወሉልኝ።

«የእኔን ግማሽ ልንገርሽና ልረፍ።»

«አልሰማም። ሲሻልዎት ይመጣሉ።»

«ካልተሻለኝስ?»

ፈራሁ። ሙሉውን ካወቅሁት ማን ይጠይቀኛል? አንድ ሰው ነገር ከማጥፋቱ በፊት የሚጠይቀው ካለው ትልቅ ሀብት ነው፤ እኔ ይህን የተማርኩት በሌላ ሰው እንባ ነው።

ቅዳሜ ምርኩዝ ይዘው መጡ። ግማሼን ጻፍኩ፤ ግማሻቸውን ጻፉ። የሚጠፋው የማይረባ ቅጂ ነበር።

«ይጥፋ?» አሉኝ።

«ለሳምንት ይቆይ» አልኳቸው። «ያኔ ይመጡና አብረን እናጠፋዋለን።»