በበረኪና የነጣው አጎበር

ዛሬም ሰው ቤት ገብቼ በረኪና ከሸተተኝ ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። ወዲያው ድቅን የሚልብኝ ሞያሌ፣ የኬንያው ወገን፣ የእማዬ ሆቴል ጓሮ ነው።

ሆቴል ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከፊት ምግብ ቤት፣ ከኋላ የከብት ነጋዴና የጭነት መኪና ሾፌር የሚያድርባቸው ጥቂት ክፍሎች ነበሩት። እማዬ ከሸዋ መጥታ በዚያች ከተማ ስሟን ያስጠራችው በንጽሕናዋ ነው። አንሶላዋ ላይ ነጠብጣብ ከታየ ቀኑን ሙሉ ፊቷ አይፈታም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮው በነጭ ጨርቅ ይሞላል፤ እኔና ታናሽ እህቴ ረድኤት በተሰጣው መሀል እየተሽሎከለክን ሙሽራ ሙሽራ እንጫወታለን። እርጥቡ ጨርቅ ፊቷ ላይ ሲለጠፍ ረድኤት ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቃለች።

አጎበሩ ቤታችን የገባው እሷ ገና ሆድ ውስጥ ሳለች ነው፤ ክሊኒክ ለነፍሰ ጡሮች ያድል ነበር። ከላስቲኩ ሲወጣ የተነከረበት የትንኝ መድኃኒት ሽታ ዓይን ይቆጠቁጣል። እማዬ በዚህ ሽታ ልጅ አላስተኛም ብላ በዚያው ቀን ዘፈዘፈችው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከእንግዶቹ አንሶላ ጋር በበረኪና እየታሸ ጠራራ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጎረቤቶቻችን በአጎበራቸው የዶሮ ቤት ሲያጥሩ እያየች ትናደድ ነበር። የእኛው አንድ ቀዳዳ አልነበረውም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናብ በበዛበት አንድ ወቅት፣ የሦስት ዓመቷ ረድኤት ሰውነቷ እሳት ሆነ። ወባ እንዳይሆን ያሏትን ሁሉ እማዬ ልጄ አጎበር ውስጥ ነው የምትተኛው እያለች መለሰቻቸው። ሎሚ አጠጣቻት፣ ጠበል ረጨቻት። ልጅቷ ዓይኗ ተገልብጦ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ግን ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ አቅፋት ወደ ሆስፒታል ሮጠች፤ እኔም በጭቃው ተከትያት ሮጥኩ። አባታችን ከብት ጭኖ ናይሮቢ ወርዶ ነበር፤ ስልኩ አይነሳም።

እማዬ ስዋሂሊ የምታውቀው ለገበያ ያህል ነው፤ ሆስፒታልና ቢሮ ስትሄድ አፏ እኔ ነበርኩ። ነርሷ ወባው የልጅቷን ደም ጨርሶታል፣ ደም ያስፈልጋታል፣ እኛ ጋ ግን የለም አለች። ተረጎምኩ። እማዬ እጅጌዋን ጠቅልላ ክንዷን ዘረጋች፤ ሁሉንም ቅዱት በያቸው አለችኝ። ተመረመረች፤ ደሟ አልገጠመም። ከኮሪደሩ ሰው ሁሉ እግር ላይ እየወደቀች ለመነች። በአማርኛ ነበር የምትለምነው፤ አብዛኞቹ አይሰሟትም። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ በቦረንኛም በስዋሂሊም እደግመዋለሁ። ሁለት ሰዎች እሺ ብለው ገቡ፤ የእነሱም አልሆነም።

ነርሷ ተመልሳ መጥታ ልጅቷ አጎበር ውስጥ ትተኛ እንደሆነ ጠየቀች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እማዬ ቀና አለች። በየሳምንቱ በበረኪና አጥቤ ፀሐይ ላይ የማሰጣው አጎበር ነው፣ ከእኔው አጎበር የነጣ ማንም የለውም ብለሽ ንገሪያት አለች። ነገርኳት። ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለእኔ ተናገረች።

“ዳዋ ያ ኔቲ ኢሜኢሻ።”

የአጎበሩ መድኃኒት አልቋል ማለቷ ነበር። እጥበቱ ጠርጎ ወስዶታል።

“ምን አለች?” አለች እማዬ።

“ንጹሕ እናት ነሽ አለችሽ” አልኳት።

ረድኤት ከሰዓት በኋላ እማዬ ጭን ላይ አረፈች።

ያን ጊዜ ክሊኒኩ አጎበር ሰጥቶ ይሸኝ ነበር፤ አያያዙን የነገረን ሰው ትዝ አይለኝም። አሁን ሳይነግሩ አይሰጡም። አምና እኔም የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ደረሰኝ። ልታርሰኝ የመጣችው እማዬ አወጣችና ጥላ ሥር ሰቀለችው። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣

“በረኪና እንዳታስነኪው” አለች። “ዳዋው ይሄዳል።”

ጨቅላዋን ደረቴ ላይ ለጥፌ ቀረሁ። ስንት ዓመት ሙሉ የነርሷን ቃል ደብቄ እማዬን ያዳንኳት መስሎኝ ኖሬአለሁ። ሞያሌ ላይ ዳዋ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ምን አለች ብላ የጠየቀችኝ ስላልገባት አልነበረም፤ ሌላ ነገር እንድነግራት ነበር።