የማላኪን መደብ ማን ቆፈረው?

ማላኪ ሄፈርናን ጎረቤታችን ነበር። የእሱን የድንች መሬት ከእኛ የሚለየው ደረት ድረስ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ነው። ሥራው ሣር ክዳን ነበር፤ በሊሜሪክ ገጠር፣ በእኛ በባሊናርድ መንደር፣ የእሱ እጅ ያልነካው ጣሪያ ጥቂት ነው። ዛሬ ጀግና ነበር ይላሉ፣ ይሁን። እኔ ጁዲ፣ የታይግ ሊሂ ሚስት፣ የማወራው ለእሱ የወጣው ዘፈን የዘለለውን ነው። ቅናተኛ ናት ብትሉኝ አልክድም፤ ምክንያት አለኝ።

ማላኪ ግራ እግረኛ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው አካፋ ሊያሠራ ሲሄድ ብረት ቀጥቃጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በየትኛው እግርህ ነው የምትረግጠው?» ብሎ ነው። መርገጫው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ የአንዱ አካፋ ለሌላው አይመችም። የተገለበጠውም አፈር የቆፋሪውን እግር ይናገራል፤ ግራ እግረኛ የቆፈረው መደብ ጠርዙ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ የቀኝ እግረኛው ወደ ሌላው። ካብ ላይ ተደግፎ «ይሄ የእገሌ ቁፋሮ ነው» ማለት ሕፃን ልጅም ያውቅበታል። ሴት ግን አካፋ አትረግጥም። ዘር ትጥላለች፣ ድንች ትለቅማለች፣ በቃ። ሚስቱ ስትቆፍር የታየችበት ባል ከዚያ ወዲያ ወንዶች መሃል ቀና ብሎ አይቀመጥም።

ማላኪ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሲጨፍር ያየሁት ሳይቭን ያገባ ዕለት ብቻ ነው። በዚያ ሰርግ ላይ ታይግ ከሰው ሁሉ በላይ ጠጣ። ለምን እንደጠጣ የገባኝ እኔን ካገባኝ በኋላ ነው።

ለአየርላንድ ነፃነት ሁለቱም አብረው በምስጢር ማሉ፤ የአመፁም ቀን አብረው ጦር ይዘው የፖሊስ ጣቢያውን ሊይዙ ወጡ። ጣቢያው አልተያዘም። በረዶ ወርዶ ስለነበር ፖሊሶች ዱካ እየተከተሉ የሸሸውን ሁሉ ለቀሙት። ማላኪን ያገኙት አንድ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ክዳን የሚጠግን መስሎ ነው። በዚያ በረዶ ጣሪያ የሚጠግን ማን አለ? ታይግ የአክስቱ አሳማ ቤት ውስጥ ገብቶ ተረፈ። ማላኪ ችሎት ፊት ግብረ አበሮችህን ጥራ ቢባል የአንድ ሰው ስም አልወጣውም። የታይግንም ጭምር። ከዚያ እንግሊዝ ወህኒ ወስደው ድንጋይ ያስፈልጡት ጀመር።

በዚያው መከር አገር ምድሩ ተነቅሎ የማላኪን ድንች ሊያወጣ መጣ። ለአገሩ ብሎ የታሰረን ሰው ሰብል መሰብሰብ እኛ ዘንድ ወግ ነው። ከበሮ ተመታ፣ ዋሽንት ተነፋ፣ ሳይቭ አሬራ በጣሳ ታዞራለች። ታይግ ከሁሉ ፊት ሆኖ ሲቆፍር ላቡ ጀርባው ላይ ይንቆረቆራል። የእኛ ድንች ግን ገና መሬት ውስጥ ነበር! ብዙም ሳይቆይ ለማላኪ ዘፈን ወጣለት። ታይግ ያን ዘፈን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል፤ እሱም እኮ ወጥቶ ነበር። ለአሳማ ቤት ግን ዘፈን የሚያወጣ የለም።

በሚቀጥለው ዓመት ቄሱ ከመቅደስ ሆነው ስብሰባውን ነቀፉ፣ ፖሊሶችም የመጣውን ሰው ስም መመዝገብ ጀመሩ። ሰው ቀስ በቀስ ቀረ። ያም ሆኖ በልግ በመጣ ቁጥር አንድ ጠዋት ብቅ ስል የሳይቭ መሬት ተገልብጦ አገኘዋለሁ። ማን እንደቆፈረው ያየ የለም፤ ሳይነጋ ነው የሚቆፈረው። ካቡ ላይ ተደግፌ ጠርዙን አየሁ። ቀኝ እግር ነው። ታይግ ቀኝ እግረኛ ነው። ታይግ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል፤ ወዴት ነው ስለው ላሟን ልያት ብዬ ነው ይለኛል። አንዲት ላም ይህን ያህል ምን የሚታይ አላት? እንዲህ እያልኩ በቅናት ስንጨረጨር ከረምኩ። ቆፍረሃል ወይ ብዬ ግን አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይመልስልኛል ብዬ ፈራሁ።

በአራተኛው ዓመት የእንግሊዝ ንግሥት ምሕረት አደረገች ተባለና ማላኪ ተፈታ። በየኮረብታው የደስታ እሳት ተለኮሰ፣ ዘፈኑም እስኪሰለቸን ተዘፈነ። ጎብጦ፣ ጥርሱ ረግፎ ነው የመጣው። በማግስቱ ጠዋት መሬቱን ሊያይ ሲወጣ እኔ ከካቡ ወዲህ ዶሮዎቼን እጠራለሁ። ሳይቭ የእሱን መፈታት ሳትሰማ መሬቱ ተገልብጦ ነበር። ማላኪ አየው። ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ አንገቱን ዞር አድርጎ ወደ እኛ ቤት አየ። እኔን ስንት ዓመት ያቃጠለኝ ነገር እሱን በአንድ ጠዋት አቃጠለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይቭን ማነጋገር ተወ። ሳይቭ ደግሞ ኩራቷ አያድርስ ነው። ኋላ ስጠይቃት «በዓይኑ ነበር የሚጠይቀኝ። በዓይን ለጠየቀኝ በአፌ አልመልስም» አለችኝ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ማላኪ በራችን ላይ ቆመ።

«ታይግ! ና ውጣ!»

«ግባ እንጂ ወንድሜ፣ ምን በር ላይ ያቆምሃል?»

«አልገባም። መሬቴን ማን ቆፈረው?»

ድንች የተቀቀለበትን ድስት እንደያዝኩ ወደ በሩ ተጠጋሁ። በእሁድ ቀን ቤቴ መጥቶ ሲጮህ ልቆጣ ሲገባኝ ጆሮዬን አቆምኩ። ጥያቄው የእኔም ነበራ።

«እኔ ምን አውቄ!» አለ ታይግ።

«ቀኝ እግር ነው።»

«አገሩ ሁሉ ቀኝ እግር ነው! ቄሱም ቀኝ እግር ናቸው፣ ሄደህ እሳቸውን ጠይቅ!»

«ቄሱ ከሚስቴ ጋር በካብ አይዋሰኑም።»

ይሄኔ ታይግ ገነፈለ። «ምን ጎደለህ አንተ? ዘፈኑ ያንተ፣ እሳቱ ያንተ፣ ድንችህን የሚያወጣልህ አገር ምድሩ! እኔስ በዚያ በረዶ አልወጣሁም? ከአሳማ ጋር ተቃቅፌ ሳድር ማን ዘፈነልኝ? እሷም ብትሆን ያንተው ናት! ልቆፍርልሽ እያልኩ በየበልጉ ለምኛታለሁ። ‹ከማላኪ በቀር ወንድ እዚህ መሬት ላይ እግሩን አያሳርፍም› እያለች ከደጅ መለሰችኝ። አሁን ደስ አለህ?»

ማላኪ ግራ ገባው። «ታዲያ ማነው የቆፈረው?»

መልሱ የመጣው ከካቡ ማዶ ነው። ሳይቭ ጩኸቱን ሰምታ ቀሚሷን ሰብስባ ካቡን ተሻገረች። ማንንም ሳታናግር በራችን ጎን የቆመውን የታይግን አካፋ አነሳችና ገና ወዳልተነካው መሬታችን ሄደች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያያል። ቀኝ እግሯን መርገጫው ላይ አሳርፋ ገፋች፣ ገለበጠች፤ ደገመች። ልምድ ያለው ወንድ እንደዚያ አይቆፍርም። የባሌን አካፋ ይዛ እንደዚያ ማማሯ፣ በማርያም፣ ያንገበግበኛል።

«ይኸውልህ ወንዱ!» አለችው። «ልጨምርልህ?»

«ሳይቭ፣ ሰው እያየ እኮ ነው።»

«ይይ! ሰው እንዳያይ አይደል በአባቴ አሮጌ አካፋ በጨለማ ስዳክር የኖርኩት? ስትመለስ መሃላቸው ቀና ብለህ እንድትቀመጥ ብዬ ነው። አንተ ግን ጎረቤት ቤት ሄደህ ወንድ ትፈልግልኛለህ!»

ማላኪ ባርኔጣውን አወለቀ። ለዳኛው ያላወለቀውን ሰውዬ ነው የምላችሁ።

በዚያው ሳምንት ብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ሄዶ በሳይቭ ቁመት የቀኝ እግር አካፋ አሠራላት። ወህኒ አእምሮውን ነካው ተባለ። ወንዶቹ ሲያሽሟጥጡት «እኔ ከንግሥት ጋር ተጣልቼ ምሕረት ያገኘሁ ሰው ነኝ። ከሳይቭ ጋር ብጣላ ማን ምሕረት ያደርግልኛል?» ይላቸው ነበር። እስኪሞት ድረስ በአንድ መደብ ግራና ቀኝ ቆመው፣ እሱ በግራ እግሩ እሷ በቀኝ እግሯ፣ እየተሳሳቁ ሲቆፍሩ አይቻለሁ። አለማየት እየቻልኩ አይቻለሁ።

ለእነሱ ነገሩ በዚያ እሁድ አለቀ። ለእኔ ግን ጥያቄዬ ተመለሰልኝ፤ ታይግ አልቆፈረም፣ ለምኗል። ቆፍሮ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የቆፈረ ሰው ለጎረቤት ብዬ ነው ይላል። በየዓመቱ እየተመለሰ የለመነ ግን ምን ይላል?

ሰኞ ጠዋት ታይግ መሬታችንን ሊቆፍር ወጣ። ፊቱን እንደወትሮው ወደ ሳይቭ ቤት አድርጎ ቆመ። ይህን ያህል ዓመት ምሳውን ሳመላልስለት እንደዚያ መቆሙን ልብ አላልኩትም ነበር።

«ታይግ።»

«አቤት።»

«ከወዲያኛው ጫፍ ጀምር።»

ወደ ካቡ አየ፣ ወደ እኔ አየ። አካፋውን ተሸክሞ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደና ጀርባውን ለሳይቭ ቤት ሰጥቶ መቆፈር ጀመረ። ይኸው እስከ ዛሬ ከዚያኛው ጫፍ ነው የሚጀምረው፤ ለምን ብሎም ጠይቆኝ አያውቅም።