ፋብሪካው ይሠራል?

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ ሲቀላ መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ ጠማኝና ለስላሳ ጠየቅሁ። ባለሱቋ ልጅ በፕላስቲክ ሰጠችኝ። «የጠርሙስ የለም?» ብላት፣ «እትዬ፣ ጠርሙሱን ማን ይመልሳል ብለሽ ነው?» ብላ ሳቀች። እትዬ መባሉን ገና አልለመድኩትም። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ሽበቴን አይታ ነው። መኪናው ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ግን ጋሽ አንጁሎ ትዝ አለኝ።

ያኔ አርባ አልሞላኝም። ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚሁ ሲቀላ አንድ የለስላሳ ማከፋፈያ ውስጥ በንብረት ክፍል ተቀጥሬ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የለመደ ገላ የአርባ ምንጭን ሙቀት በቀላሉ አይችለውም፤ የቆርቆሮው መጋዘን ከቀትር በኋላ ትንፋሽ ያሳጥራል። ዘመድ የለኝም፣ ጋሞኛ አልችልም። ከሥራ ስወጣ በብርቱካን ልጣጭና በባጃጅ ጭስ ሽታ መሀል አልፌ ወደ ተከራየኋት ክፍል እገባለሁ። አንድም ሰው ስሜን ሳይጠራው የሚመሽባቸው እሑዶች ነበሩ። ሆድ ይብሰኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ጋሽ አንጁሎ የማከፋፈያው ባዶ ጠርሙስ መራጭ ነበር። ከምዕራብ ዓባያና ከካምባ የሚመለሰውን ጠርሙስ አንድ በአንድ አፉን ያሸታል። ሰው ለስላሳውን ከጠጣ በኋላ ነጭ ጋዝ ይቀዳበታል፣ አረቄ ይይዝበታል፤ ጋዝ የነካውን ደግሞ ፋብሪካ አይቀበልም። «ይሄ ቅቤ ነበረው፣ ካምባ ነው» ሲል ፊቱ ይበራል፣ አገሩ ነዋ! «አንተ» እና «አንቺ» ይምታቱበታል፤ እኔንም እንደ ወንድ ነበር የሚያናግረኝ። ደስ ስለሚለኝ አንድም ቀን አላረምኩትም።

ማሽተቱን ያስተማረችው የመጀመሪያ ሚስቱ ለተብርሃን ናት። በወጣትነቱ እንጀራ ፍለጋ አስመራ ድረስ ሄዶ አንድ የለስላሳ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ እሷም እዚያው ጠርሙስ መርማሪ ነበረች፣ ተጋቡ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ እሱ ወደ አገሩ መመለስ ግድ ሆነበት፤ እሷ የታመመች እናቷን ጥላ መምጣት አልሆነላትም። ነገሩ እስኪበርድ ተባብለው ተለያዩ። አልበረደም። ድንበሩ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቆረጠ። ብዙ ከጠበቀ በኋላ ካምባ ላይ ሌላ ሚስት አግብቶ ልጆች ወለደ። ይህን ሁሉ ያጫወተኝ ሳጥን እየደረደረ ነው።

በዚያ ዘመን ከስደተኛ ጣቢያ መጥተው ዩኒቨርሲቲያችን የሚማሩ ኤርትራውያን ልጆች ነበሩ። አንድ ቅዳሜ አንዱ ደጃችን ላይ ቆሞ ለስላሳ ሲጠጣ ጋሽ አንጁሎ በአነጋገሩ ለየውና ጠጋ አለው።

«ፋብሪካው ይሠራል?»

ልጁ ግራ ገባው። «የትኛው ፋብሪካ?»

«አስመራ ያለው። የለስላሳው።»

«እሱማ ይሠራል፣ ይቆማል» አለ ልጁ እየሳቀ። «ማዕቀብ አይደል? ስኳር ሲገኝ ቆርኪ ይጠፋል፣ ቆርኪ ሲገኝ የማሽን ዕቃ ይሰበራል። እህቴን ስንድር ለስላሳ እስኪገኝ ብለን ሠርጉን አዘግይተናል። ከመሞት መሰንበት ነው።»

«አልተዘጋም ግን?»

«ኧረ አልተዘጋም! አባቴ በጦርነቱ ጊዜም ይሠራ ነበር ይላል።»

ጋሽ አንጁሎ ወደ እኔ ዞሮ «ከሠራ እሷ ትበላለች» አለኝ። ስለ ለተብርሃን ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ማንም ባልጠበቀው ክረምት ሁለቱ አገሮች ታረቁ። ስልክ ተከፈተ። ሰው ያገኘውን ቁጥር እየመታ «ሃሎ፣ አስመራ ነው?» ብሎ የሚያለቅስበት ሰሞን ነበር። ጋሽ አንጁሎ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ መጣ። «ልጄ፣ ደውልልኝ» አለኝ። የፋብሪካውን ቁጥር እስከዚያ ቀን ድረስ በቃሉ ይዞት ኖሯል።

ደጋግሜ ሞክሬ በመጨረሻ ጠራ። ስልኩን ሰጠሁት። ትግርኛ ባልሰማም የለተብርሃን ስም ሲጠራ ሰማሁ። ጋሽ አንጁሎ የሚባለውን አዳመጠ። ከዚያ አጭር ነገር ተናግሮ ዘጋ።

«ምን አሉዎት?»

«ዘበኛው ነው። አለች፣ ፈረቃ ላይ ናት አለ። አሥር ሰዓት ስትወጣ እዚህ ስልኩ ጋ አቆያታለሁ፣ ያኔ ደውል አለኝ። ማን ልበላት ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«ከአርባ ምንጭ።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የኔ ዘመድ የተገኘ ያህል ነው የተደሰትኩት። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬን ይዤ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሸሚዙን ቀይሮ ሥራውን ይዟል።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«ተወው፣ ልጄ።»

«እንዴት ይተዋል? ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቀው!»

«በሕይወት አለች፣ ሥራ አላት። እኔ ምን ልላት ነው? ካምባ ላይ ልጆች አሉኝ ልበላት?»

«ድምፅዎን ብቻ ብትሰማ ይበቃታል።»

«አይበቃትም። እኔ አውቃታለሁ።»

ተናደድኩ፣ ለመንኩት፣ አልሰማኝም። ሰዓቱ አለፈ። በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ ደውልልኝ አላለኝም። ከዓመታት በኋላ ሰሜን ሌላ ጦርነት ተነሣ፣ ስልኩም ተመልሶ ተዘጋ። ጋሽ አንጁሎ ካምባ ገብቶ እዚያው ማረፉን በሰው በሰው ሰማሁ።

ዛሬ አልፈርድበትም። ሁለት ቤት ከሚፈርስ ብሎ ይሆናል። እኔን የሚከነክነኝ የእሷ ነገር ነው። ሳላገባ ኖሬአለሁና፣ እደውላለሁ ያለን ሰው ቁጭ ብሎ መጠበቅን አውቀዋለሁ። ለተብርሃን ግን «ከአርባ ምንጭ ይደወልልሻል» ተብላለች። አንድ ሰው ብቻ ነው ከአርባ ምንጭ የሚደውልላት። አሥር ሰዓት ላይ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ ዘበኛው ቤት ሮጣለች። እስከ ስንት ሰዓት እዚያ እንደቆመች የሚነግረኝ የለም።